በክትባቱ ቅጽ ላይ የገባችው ዓረፍተ ነገር

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ የሚዘጋባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፦ «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም።» የጉብኝት ፈቃድ ላይ አለች። ስለ ስፖርት ጫማ የሚላከው ማሳሰቢያ ላይ አለች። የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ጀርባ ላይም አለች፤ መጽሐፍ አንብቦ የተጎዳ ተማሪ እስካሁን አልመጣም እንጂ ቢመጣ መልሱ ታትሞ ይጠብቀዋል። የጥበቃው እናት ያረፉ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈው የሐዘን ደብዳቤ ላይ ሳይቀር ገብታ ነበር። ጸሐፊዋ ናት ደብዳቤው ፖስታ ውስጥ ሳይገባ ደርሳ የሰረዘቻት። ምክትሉ ይህን ሲነግሩት ትንሽ አሰበና፣ እዚህ ላይ እንኳ ባትኖርም ይቻላል አለ። ከልቡ ግን አይመስልም ነበር።

ተማሪዎቹ «ጋሽ ጥንቃቄ» ይሉታል። ያውቃል፤ ከሌሎቹ መምህራን ቅጽል ስሞች ጋር ሲያስተያየው እንዲያውም ተመስገን የሚያሰኝ ነው። ስሙ ደግሞ ዝም ብሎ አልወጣለትም። ገና ተራ መምህር ሳለ ተማሪዎች ይዞ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሊያስጎበኝ ሄዶ፣ አንደኛው ከደረጃ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። ተማሪው በሳምንቱ ኳስ ሜዳ ገባ። መምህሩ ግን አምስት ወር ሙሉ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲንከራተት ከረመ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው «ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» ይሉታል፤ መልስ ሲያጣ ቀጠሮ ይሰጡታል፤ በቀጠሮው ቀን ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ያነሱበታል። በመጨረሻ ኃላፊነቱን ማንም ሳይወስደው ፋይሉ ተዘጋ። እሱን ግን በሽታው አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ አስራ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳያስገባ የፈረመው ወረቀት ቢኖር የጋብቻ ውሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከዚያ በፊት ስላገባ ነው።

የክትባቱ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጤና ጣቢያው፣ የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ዓርብ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሚሰጥ፣ አስራ አራት ዓመት ያላለፋቸው ሴት ተማሪዎች ከወላጅ ፈቃድ ጋር ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ የሚል ደብዳቤ ላከ። የትምህርት ቤቱ ድርሻ ቅጹን አባዝቶ በልጆቹ እጅ ወደየቤታቸው መስደድ ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ ተየበችው። ምክትሉ አነበበውና ከፊርማው መስመር በላይ ባዶ ቦታ አየ። ባዶ ቦታ ደግሞ አይወድም። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ሰኞ ዕለት ሰማንያ ስድስት ቅጽ ወጣ።

እስከ ረቡዕ ጠዋት ድረስ ተፈርሞ የተመለሰው ዘጠኝ ነበር።

ዝግጅቱን ልታይ የመጣችው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ቁጥሩን ስትሰማ ወረቀቶቹን ራሷ ተቀብላ ቆጠረቻቸው። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ተቀምጣ እንኳ ልትነሳ የቆረጠች የምትመስል ሴት ናት። በዚያው ሳምንት ሁለት ትምህርት ቤቶች ከትባ ነው የመጣችው፤ እዚያ የቀሩት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እዚህ በጣት የሚቆጠሩት የመጡት ናቸው። ርዕሰ መምህርቷ ነገሩ ስላሳሰባት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራች።

ስብሰባው እንደማንኛውም ስብሰባ ጥፋተኛውን ከክፍሉ ውጪ ሲፈልግ ቆየ። የባዮሎጂ መምህሩ ስልክ ላይ የሚለቀቀውን ወሬ ከሰሰ። የስፖርት መምህሩ አባቶችን ከሰሰ፤ አባት የሚባል ፍጥረት ከኳስ ውጤት በቀር የሚያነበው ነገር የለም አለ። የቋንቋ መምህሯ የቅጹ አጻጻፍ ለዛ ይጎድለዋል ብላ ልታሻሽለው ፈቃደኛ መሆኗን ገለጸች። ርዕሰ መምህርቷ የግንዛቤ ማስጨበጫ ቀን ይዘጋጅ፣ በር ላይም ባነር ይሰቀል አለች፤ ባነሩ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑ ሲነገራት፣ እሱ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል ብላ አለፈችው። ምክትሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበር። ተራው ሲደርስ የወላጆች ንቃተ ኅሊና ገና ብዙ እንደሚቀረው ተናገረና የተናገረውን ራሱ ጻፈው።

ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሆዱ ግን ያውቃል። ካልተመለሱት ሰባ ሰባት ቅጾች አንዱ ቤቱ ውስጥ፣ ፍሪጁ አናት ላይ ነው ያለው።

አንድ ልጅ ናት ያለችው። እዚያው ትምህርት ቤት ትማራለች፤ አስራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ይህ ዙር ካመለጣት በሚቀጥለው ዓመት ከዝርዝሩ ወጥታለች ማለት ነው። ሰኞ ማታ ቅጹን አምጥታ ፊቱ ስታስቀምጥለት እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዞ ማንበብ ጀመረ። ቢሮ ሲያነበው ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር፤ አሁን አባት ሆኖ አነበበው። «ማንኛውም ጉዳት» የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። ምን ዓይነት ጉዳት? ማንኛውም ማለት እስከ ምን ድረስ ነው? የጻፋት ራሱ ነው፤ ይህን አልረሳም። ግን ታትማ፣ ማህተም ተመትቶባት፣ በልጁ እጅ ዞራ ስትመጣበት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የጻፋት መሰለችው።

«ቆይ እስቲ፣ ላጣራ» አለ። ከማን እንደሚያጣራ አልተናገረም።

ሚስቱ ልትፈርም እጇን ዘርግታ ነበር፤ ይህን ስትሰማ ሰበሰበችው። የትምህርት ቤት ሰው እሱ ነው፤ እሱ ካመነታ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። በማግስቱ ለእህቷ ደውላ «እሱ እንኳ አልፈረመም» አለቻት። እህቷ ሁለት ልጆች እዚያው ትምህርት ቤት ያሏት ሴት ናት፤ ደግሞም አንድ ነገር ሰምታ ብቻዋን የምትይዝ ዓይነት አይደለችም። ስብሰባው ስልክ ላይ ሲፈልገው የዋለው ወሬ አንድ ምንጩ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሲስተርና ምክትሉ ቢሮ ገብተው የልጆቹን ስም ዝርዝር ሲያመሳክሩ፣ የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አንዲት እናት በሩን አንኳኩታ ገባች። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪውን ዩኒፎርም ግማሹን እሷ ናት የሰፋችው። ቅጹን አራት ቦታ አጥፋ ይዛዋለች። ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጣቷን ታችኛው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ እኔ ለዚህ ትምህርት ቤት ያልፈረምኩት ነገር የለም። ለጉብኝቱም፣ ለጫማውም ፈርሜያለሁ። ይሄ ግን ሰውነቷ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። እዚህ ጋ ጉዳት የምትሉት የትኛውን ነው? የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።»

ምክትሉ የተለመደ አነጋገር መሆኑን፣ ሁሉም ወረቀት ላይ እንደሚገባ፣ የተለየ ትርጉም እንደሌለው አስረዳት። ልብስ ሰፊዋ አዳምጣ ጨረሰች።

«ትርጉም ከሌለው ለምን ተጻፈ? እኔ ቀሚስ ሰፍቼ ‹ሊተረተር ይችላል፣ እኔን እንዳትጠይቁኝ› የሚል ጽፌ ብለጥፍበት ማን ይለብስልኛል?»

ጥግ ላይ የምትተይበው ጸሐፊ ሳቋን በሳል ለወጠችው። ልብስ ሰፊዋ ቅጹን መልሳ እያጠፈች፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፦ «የእርስዎም ልጅ ከእኔ ልጅ ጋር አይደለች? ፈረሙላት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ስም ዝርዝሩ መለሰ። ልብስ ሰፊዋ ገባኝ በሚል ዓይነት ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

ሲስተር እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊርማ እንጂ ጽሑፍ አልቆጠረችም ነበር። ከዘጠኙ ቅጾች አንዱን አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ማን ነው ይቺን የጻፋት ብላ ጠየቀች። ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እንደ አዲስ ነገር ማየት ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለ ምክትሉ።

ትቆጣለች ብሎ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ፣ ስለ ልጅዎ የፈሩት ምንድን ነው ስትል ጠየቀችው። እሱም ሰኞ ማታ ያልወጣለትን ሁሉ አወጣው። ያመክናል ሲባል ሰምቷል። ገና ልጅ ናት፣ ምን አስቸኮለን የሚል ሐሳብም አለው። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ነገር ብትሆን ፈራሚው እሱ ነው። ሲስተር አንድ በአንድ መለሰችለት። እንደማያመክን ተናገረች። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ እንደሆነ፣ ክትባቱ ደግሞ ከቫይረሱ ቀድሞ ሰውነት ውስጥ መገኘት እንዳለበት፣ ገና ልጅ መሆኗ ለዚህ እንደሚጠቅም አስረዳችው። ክንዷን አንድ ሁለት ቀን ሊያማት ይችላል፤ ራስ ምታት ወይም ትንሽ ትኩሳት ይኖር ይሆናል፤ መርፌ የሚፈሩ አንዳንድ ልጆች ራሳቸውን ይስታሉ፣ ለዚህም ነው አስራ አምስት ደቂቃ የምናስቀምጣቸው አለችው።

«እና ምንም እንደማይደርስባት ዋስትና ይሰጡኛል?»

«ዋስትና የሚሰጥ የሕክምና ባለሙያ ካገኙ ይሽሹት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ክትባት ክፍል ከመግባቷ በፊት ስምንት ዓመት ሴቶች የሚተኙበት ክፍል እንደሠራች ነገረችው። የሚመጡት ደም ካስቸገራቸው በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ ረፍዶባቸው። ባሎቻቸው ኮሪደር ላይ ቆመው፣ ቀድሞ መከላከል ይቻል ነበር ወይ ብለው ይጠይቋታል። ያኔ ይህ መርፌ ለእነሱ አልደረሰም ነበርና የምትመልሰው ነገር ነበራት። «አሁን የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም። እርስዎ ለተወጋችው ልጅ ኃላፊ ማን ነው ብለው ሰጉ። ላልተወጋችውስ ማን ነው የሚፈርመው?»

ምክትሉ ይህችን ጥያቄ ይዞ ቤቱ ሄደ። ያቺ ሦስት ሰው የተቀመጠባት ጠረጴዛ አምስት ወር ሙሉ ሳትጠይቀው የቀረች አንድ ጥያቄ ብትኖር ይህች ነበረች። ዝም ብሎ የቀረ ሰው ኮሚቴ ተቋቁሞበት አያውቅም። ያልተሄደ ጉብኝት፣ ያልተሰጠ ፈቃድ፣ ያልተወጋ ክንድ ፋይል የለውም። እንዲህ ሆኖ ነው እሱም አስራ ስድስት ዓመት ንጹሕ ሰው የሆነው።

ሐሙስ በጠዋት ከጸሐፊዋ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ዓረፍተ ነገሯ ስትሰረዝ ጸሐፊዋ ቁልፉን የመታችው ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ነው። ባዶውን ቦታ መሙላት ነው ያስቸገረው። «ትምህርት ቤቱ ተገቢውን ያህል ኃላፊነት ይወስዳል» ብሎ አስጻፈ። ጸሐፊዋ፣ ተገቢው ስንት ነው ብላ ጠየቀችው። አስጠፋው። «በከፊል» የሚል ቃል መጣለት፤ ዓይኗን አይቶ ሳይናገረው ዋጠው። በመጨረሻ ሲስተር የነገረችውን እንዳለ አሰፈረው፤ ምን እንደሚከላከል፣ ለምን በዚህ ዕድሜ እንደሆነ፣ ክንድ እንደሚያም፣ ማን አጠገባቸው እንደሚቆም። ከሥሩ፣ የፊተኛው ቅጽ በስህተት ያስፈራ በመሆኑ ይቅርታ የሚጠይቅ መስመር ገባ። ጥያቄ ያለው ወላጅ እንዲደውልም የራሱን የእጅ ስልክ ቁጥር አስጻፈ።

«የቢሮው ስልክ አይሻልም?» አለች ጸሐፊዋ።

«የቢሮውን ማን ያነሳዋል» አለ፤ እውነቱንም ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ አንብባ ፈረመች፤ ከባነሩ ይልቅ ይሄ ፈጥኖ ይደርሳል አለች። አዲሱ ቅጽ በእረፍት ሰዓት ወጣ። ምክትሉ ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዷ እናት ልጇ ከክትባቱ በኋላ ስፖርት መሥራት ትችል እንደሆን ጠየቀች። አንድ አባት፣ መርፌው የት የተሠራ ነው ብሎ ጀመረና ስለ መንግሥት፣ ስለ መንገዱና ስለ ሒሳብ ፈተናው እያነሳ ሩብ ሰዓት አወራው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያመክናል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው፤ መልሱ ይለወጥ እንደሆን የሚፈትን ይመስላል። ልብስ ሰፊዋም ደወለች። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

«አዲሱን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። የእርስዎ ልጅስ?»

ሚስቱ ጓዳ በር ላይ ቢላ እንደያዘች ቆማለች። ልጁ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ እስክሪብቶዋ ግን መንቀሳቀስ ካቆመ ቆይቷል።

«ነገ ጠዋት ትከተባለች» አለ።

ስልኩን ሲያስቀምጥ ልጁ ከቦርሳዋ አዲሱን ቅጽ አውጥታ ፊቱ አኖረችለት። ፈረመ። ሚስቱ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣችና፣ ቅጹ የጠየቀው አንድ ፊርማ ሆኖ ሳለ፣ የራሷን ከጎኑ አስቀመጠች። ከዚያ ለእህቷ ደወለች። በር ዘግታ ነበር የምታወራው፤ ቢሆንም «አዎ፣ እሱ ራሱ» የምትለው እየተደጋገመ ይሰማው ነበር።

ዓርብ ጠዋት የፈቃድ ቅጾቹ ስልሳ ሦስት ደረሱ። ሲስተር ላልመጡት ሃያ ሦስት ጤና ጣቢያው ሳምንቱን ሙሉ ክፍት መሆኑን ነግራው፣ ስማቸውን በሌላ ወረቀት ጻፈችለት። የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። በአንድ ወገን ሰልፍ፣ በሌላው ከመርፌ በኋላ የሚቀመጡበት ወንበር ተደርድሯል። ምክትሉ ልጁን አንደኛ ሊያስገባ አስቦ ነበር፤ እሷ ግን እንዲህ አድርጎ ሊያሳፍራት ከሆነ ጭራሽ እንደማትመጣ ነግራዋለች። አስራ ሰባተኛ ሆና፣ ከልብስ ሰፊዋ ልጅ ቀጥላ ገባች። ተወጋች። በፊቱ ስታልፍ ክንዷን ይዛ፣ ምነው ትክ ብለህ አየኸኝ በሚል ዓይን ገላምጣው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ተራው የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አምበል ሆነ፤ ከምክትሉ በአንድ ስንዝር የምትረዝም፣ ጓደኞቿ «ሎጋዋ» የሚሏት ልጅ ናት። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ቀለደች፣ መርፌውን አየች፤ ከዚያ ከወንበሩ ላይ እንደ ፎጣ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

ሊያግዙ የመጡት መምህራን ዓይን ሁሉ አንድ ላይ ወደ ምክትሉ ዞረ። በሩ ከእሱ ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር የሚርቀው። ሲስተር ቀና ሳትል፣ «እግሯን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ» አለችው። ከነ ሙሉ ልብሱ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ሁለቱን ትልልቅ የስፖርት ጫማዎች ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘ። ደቂቃም አልፈጀባት፤ ዓይኗን ገለጠች። ወዲያው እፍረት ያዛትና ፊቷን ሸፈነች። መርፌው ገና አልነካትም ነበር።

የባዮሎጂ መምህሩ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ አሁን ለወላጅ አትደውል፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ርዕሰ መምህርቷ ትደውላለች ሲል መከረው። እሱን ከጣጣ ለማዳን ብሎ ነበር። ምክትሉ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ትናንት ሦስት ጊዜ የደወለው ሾፌር ነው አባቷ። የሆነውን እንደሆነው ነገረው፤ መርፌውን አይታ ራሷን ሳተች፣ አሁን ነቅታለች፣ ውሃ እየጠጣች ነው፣ ገና አልተወጋችም። ከወዲያ በኩል የሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሞተሩም ጠፋ።

«እርስዎ አሁን የት ነዎት?» አለ አባት።

«አጠገቧ ነኝ። ወለሉ ላይ።»

ስልኩን እንዲሰጣት ጠየቀ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አዳመጠች፤ እሺ አለች፣ አይ አለች፣ እንደገና እሺ አለች፤ አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኩን መለሰችለት።

«ስጠይቃት እወጋለሁ ነው የምትለው» አለ አባት፤ ድምፁ ትንሽ ሻክሯል። «ካለች ትወጋ። ብቻ ብቻዋን አይተዋት። እናቷም እንደሷ ነበረች፣ መርፌ ስታይ።»

ሲስተር ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጥማ አስተኛቻት። ልጅቷ ምክትሉን ወደ ጎን አይታ፣ አንድ ነገር ያውሩልኝ፣ ወደዚያ እንዳላይ አለችው። ስለ ምን ቢላት የፈለጉትን አለች። እሱ ቀድሞ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው፤ በዚያች ሰዓት አእምሮው ውስጥ የቀረ ሌላ እውቀት አልነበረም። ተራሮች በዓመት በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እያደጉ እንደሚሄዱ፣ ሁለት የምድር ሰሌዳዎች ሲገፋፉ መሬቱ እንደሚታጠፍ ይነግራት ጀመር። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች ታዳምጠዋለች። ዝናቡ ደግሞ በበኩሉ ተራራውን እየሸረሸረ እንደሚያወርደው ሲነግራት፣ ማነው የሚያሸንፈው ብላ ጠየቀች። እንደ ቦታው ነው አላት።

«አልቋል እኮ» አለች ሲስተር፤ መርፌውን መጣያ ሳጥኑ ውስጥ ጥላ የቀጣዩዋን ስም ልትጠራ ዘወር ብላለች።

ልጅቷ ክንዷን አየች፤ አንዲት ትንሽ ጥጥ ተለጥፋበታለች። ምክትሉ ለመነሳት አንድ እጁን መሬት ላይ ካስደገፈ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ገና አስራ አምስት ደቂቃ ይቀራታል። ከአግዳሚው ሥር እግሩን ዘርግቶ ተመቻቸ፤ ልጅቷም፣ እንግዲህ ይቀጥሉ አለችው።